ጁባ ላይ ያስተካከልኩት ድራም

ዛሬም ድረስ «ማኑዋሉን አንብብ» የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ ደሜ ይፈላል። የኔ ድራም ማኑዋል ሽሮ አብስሏል። የሆቴሉ ወጥ ሠሪ አንድ ቀን ከሰሉ አልያያዝ ቢላት ጓሮ የተጣለውን ካርቶን አየችና ከነውስጡ ቀዳድዳ ማገደችው፤ በአምስት ቋንቋ የተጻፈው ወፍራም መጽሐፍም አብሮ ነደደ። እኔ ስደርስ የሽፋኑ ጥግ ብቻ ነበር የቀረው። ሴትዮዋን ምን እላታለሁ? ወረቀት መሰላት፣ ከሰል አቀጣጠለችበት። ይህንን እንግዲህ በቅጡ በማልችለው እንግሊዝኛ፣ አንድ የኤሌክትሪክ ድራም ባለቤቶች የኢንተርኔት ፎረም ላይ፣ ለማያውቁኝ ሰዎች ማስረዳት ነበረብኝ። አንዱም አላመነኝ።

ይህ የሆነው ጁባ እያለሁ ነው። ማላኪያ ገበያ አጠገብ አንድ የሐበሻ ሆቴል ውስጥ ድራም እመታ ነበር። ከአሥራ አራት ዓመቴ ጀምሮ ሌላ ሥራ ሠርቼ አላውቅም። አዲስ አበባ ናይት ክለብ ለናይት ክለብ ስዞር ኖሬ «ጁባ ሥራ ሞልቷል» ሲሉኝ ስቲኬን ይዤ መጣሁ። ባንዱ እኔና ኪቦርዲስቱ ነን፤ ዘፋኝ ይመጣል፣ ዘፋኝ ይሄዳል። በ2006 ታኅሣሥ ተኩሱ ሲጀመር ድራሜ «ጁባ ና ባሪ» በሚባለው ሠፈር አንድ የሠርግ አዳራሽ ውስጥ ነበር፤ ከሠርጉ በፊት ቀድመን አድርሰነው። ሠርጉም ቀረ፣ እኛም ስንት ቀን የሆቴሉ ወለል ላይ በደረታችን ተኝተን ሰነበትን። ነገሩ ሲረግብ ሄጄ ባይ የአዳራሹ በር ተገንጥሏል። ከድራሜ የተረፈው ቆዳው የተቀደደ ቤዝ ድራም ብቻ ነበር። ያን ሰሞን ስንቱ ወንድሙን፣ ስንቱ ልጁን አጥቶ ስለ ድራም ማልቀስ ነውር ነው፤ ስለዚህ ለማንም ሳልናገር ብቻዬን ተቃጠልኩ።

የሆቴሉ ባለቤት ሃምሳውን ያለፉ ሴት ናቸው፤ ሁላችንም «እትዬ» ነው የምንላቸው። ምንም ብናደድባቸው አንቱታውን አልነሳቸውም። ጠንካራ ሴት ናቸው፤ ሌላው ሁሉ ቁልፉን ጥሎ ሲሮጥ እሳቸው በራቸውን አልዘጉም። ሆቴላችን ምሳ ይበላ የነበረ አንድ ኸዋጃ፣ ጁባ ላይ ነጩን ሁሉ እንደዚያ ነው የምንጠራው፣ መሥሪያ ቤቱ በአስቸኳይ ሲያስወጣው ዕቃውን ይሸጥ ጀመር። እትዬ ፍሪጁን ሊገዙ ሄደው ካርቶኑ እንኳን ያልተከፈተ የኤሌክትሪክ ድራም ይዘው ተመለሱ። እሳቸውን የማረካቸው ድምፁ መቀነሱ ነው። ያኔ ሰዓት እላፊ ስለነበረ ሙዚቃው ከምሳ በኋላ ጀምሮ ሳይመሽ ያልቃል፤ መንገዱ ላይ ደግሞ ወታደር ቆሟል፣ ድራም ከሩቅ ሲሰማ ተኩስ ይመስላል። ይሄኛው እንደ ራዲዮ ይቀነሳል ብለው ነገሩኝ፣ ራሳቸው የፈለሰፉት ይመስል።

ዕቃው እንደወጣ አንድ ሕግ ወጣ፤ ላስቲኩ አይነሳም። የእትዬን ቤት ያየ ሰው አይገርመውም። ሶፋቸው ከተገዛ ጀምሮ ሰው የሚቀመጠው ላስቲኩ ላይ ነው። የቴሌቪዥኑ ሪሞት ላስቲኩን ሳያወልቅ ቁጥሮቹ ጠፍተዋል። ድራሙ ይዞት የመጣው ላስቲክ ስስ ነው ብለው ደግሞ ወፍራሙን የጠረጴዛ ላስቲክ በሜትር አስመጡ። እያንዳንዱን የሚመታ ፓድ፣ እያንዳንዱን የሲምባል ሳህን በልኩ ቆርጠው አለበሱትና ከሥር ወጥረው በፕላስተር ጠፈሩት። የጁባ አቧራ ጆሮ ውስጥ ሳይቀር ይገባልና ሥራቸው ልክ መስሎ ታየኝ። እንዲያውም ዳር ዳሩን ወጥሬ የያዝኩላቸው እኔ ነኝ። እናቴም ቤት እንዲሁ ነበር፤ ዕቃ ላስቲኩ ከወለቀ አሮጌ ሆነ ማለት ነው።

ጣጣው የኪቦርዲስቱ ነበር። ድራሜ ከጠፋ ወዲህ እሱ ኪቦርዱ ውስጥ በተጫነ ዝግጁ ምት፣ ስታይል በሚሉት፣ ብቻውን ይሠራል። ችክችካው፣ ጉራጌው፣ ትግርኛው ሁሉ ከመርካቶ በፍላሽ የተገዛ ነው፤ ቁልፉን ሲነካው ይሄዳል። ይሄዳል እንጂ አያስጨፍርም። ሰዉ ሁለት ጊዜ ትከሻውን ነቅነቅ ያደርግና ወደ ቢራው ይመለሳል። እትዬ ይህንን ያያሉ፤ ያላባረሩኝም ለዚህ ነው። እሱ ግን ጆሯቸው ሥር ሆኖ፣ አንድ ሰው ለሚበቃው ሥራ ሁለት ሰው ምን ይሠራል እያለ ይነዘንዛቸዋል። በመጨረሻ እትዬ ቁርጡን ነገሩኝ። እስከ ፋሲካ አዲሱን ድራም ገጣጥሜ ካሠራሁት ቦታዬ ላይ እቀመጣለሁ፤ ካልሠራ በኪቦርዱ ይቀጥላሉ፣ እኔ ወደ መጣሁበት። ወደ መጣሁበት ማለት ወዴት ነው? በኪቦርድ ተባርሬ ከወጣሁበት ናይት ክለብ? ሠላሳ ስምንት ዓመቴ ነበር፤ ከድራም ሌላ ምንም አላውቅም።

ገጣጠምኩት። ማለቴ፣ አቆምኩት። ኬብሎቹ ግን የጉድ ነበሩ። በእግሬ ቤዙን ስመታ ደወል ይጮሃል፣ ስኔር የሚሉትን ትንሹን ከበሮ ስመታ ቤዙ ይመልሳል። በስፒከሩ ደግሞ የጄኔሬተሩ ጉርምርምታ ከዘፈኑ በላይ ይሰማል። ከሁሉ የባሱት ሲምባሎቹ ናቸው። ሲምባል ሲመታ ድምፁ ተዘርግቶ፣ ተንሳፍፎ ቀስ እያለ ነው መጥፋት ያለበት፤ የኔዎቹ «ጭ» ብለው ይሞታሉ። ኪቦርዲስቱ ወንበሩ ላይ ተለጥጦ ያየኛል። ፈገግ ይላል። ያንን ፈገግታ በስቲክ ባስተካከልኩለት እንዴት ደስ ባለኝ ነበር።

ፎረም የሚባል ነገር መኖሩን የነገረኝ ማላኪያ ሞባይል በጅምላ የሚሸጥ የአገሬ ልጅ ነው። ሐጂ እያልኩ እጠራዋለሁ፤ ሐጅ አልሄደም፣ ፂሙን አይቼ ነው። ሱቁ ውስጥ ከሌላው የተሻለ ኢንተርኔት ነበረው። እሱም የተበላሸ ስልክ ሲቸግረው ፎረም ላይ ይጠይቃል፤ የማያውቀው ሕንዳዊ፣ የማያውቀው ብራዚላዊ ይመልስለታል። «ሰው ነው ማኑዋሉ» አለኝ። ባንኮኒው ሥር ዱካ ሰጥቶኝ ሐበሻ ድራመር የሚል ስም አወጣንና ገባሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁልጊዜ ጠዋት ሱቁ ሲከፈት ቀድሜ የምቆመው እኔ ነበርኩ።

የመጀመሪያ ጥያቄዬን ለመጻፍ ግማሽ ቀን ፈጀብኝ። ድራሜ ተሳስቷል፣ እርዱኝ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ ብዬ ጻፍኩ። በማግስቱ ስከፍተው ሰባት መልስ። ደስ አለኝ። አንደኛው ከመጠየቅህ በፊት ፈልግ ይላል። ሁለተኛው ማኑዋሉን አንብብ ይላል። ሦስተኛውም ማኑዋሉን አንብብ ይላል። አራተኛው ሰላምታ ማብዛት አያስፈልግም ብሎ ይመክረኛል። ማኑዋሉ መቃጠሉን ስነግራቸው አንዱ እየቀለድክ ነው ወይ አለኝ፤ ሌላው ደግሞ ከኢንተርኔት አውርደው ብሎ ሊንክ ላከ። ማውረዱን ጀመርኩ። ሐጂ ምሳ በልቶ መጣ፣ ሰገደ፣ ሁለት ደንበኛ ሸኘ፤ ማኑዋሉ ግማሽ ላይ ደርሶ ተቋረጠ። እንደገና ጀመርኩ፣ እንደገና ተቋረጠ። በሦስተኛው ቀን ተስፋ ቆረጥኩ።

ጁባ ነው ያለሁት ስል ደግሞ የባሰ መጣ። አንዱ፣ ፎቶው ላይ ጺሙን እንደ ፍየል ያሳደገ፣ ጦርነት ውስጥ ሆነህ የሚያሳስብህ ድራም ነው ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ቱግ አልኩ። አንተ ምን አገባህ! እኔ የምበላው በዚህ ነው። ጦርነት ባለበት አገር ሰው የሚያገባ፣ ልጅ ክርስትና የሚያነሳ፣ የሚጨፍር አይመስለውም። ለዚህ ሰውዬ ረጅም ስድብ በአማርኛ ጽፌለት፣ ሐጂ ከኋላዬ መጥቶ ሳልልከው አጠፋብኝ። ዛሬም ባልጠፋ እላለሁ።

ከዚያ ሁሉ መሃል አንድ ሽማግሌ ወጣ። ጡረታ የወጣ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው፤ በረዶ የሚዘንብበት አገር ይኖራል። እንግሊዝኛዬ ስብርብር መሆኑን አይቶ እሱም በአጭር በአጭሩ ይጽፍልኝ ጀመር። አንድ ዓረፍተ ነገር፣ ከሥሩ ሌላ። ይህን ንቀል፣ እዚያ ሰካ፣ ምታ፣ የሰማኸውን ንገረኝ። በእሱ አገር ሌሊት ሲሆን በእኛ ቀን ነውና ዛሬ ጠዋት የጠየቅሁት ነገ ጠዋት ነው የሚመለሰው። ሆቴል ሄጄ የነገረኝን እሞክራለሁ፣ ወረቀት ላይ እጽፋለሁ፣ በማግስቱ ወደ ሐጂ ዱካ እመለሳለሁ። በአራት ቀን ኬብሎቹ ቦታ ቦታቸውን ያዙ። ቤዙ ቤዝ ሆነ።

ለጉርምርምታው ደግሞ የመሬት ሽቦ ጠየቀኝ፤ ጄኔሬተሩ ከመሬት ጋር ተያይዟል ወይ ይላል። አልተያያዘም። ብረት ቅበር አለኝ፤ ከግንባታ የተረፈ ፌሮ አምጥቼ ከውኃ ታንከሩ ሥር እየቀጠቀጥኩ አስገባሁትና ከጄኔሬተሩ ጋር በሽቦ አያያዝኩት። መሬቱ ድንጋይ ነው፣ እጄ ተላጠ። አፈሩ እርጥብ ይሁን ብሎኝ ጠዋት ጠዋት አንድ ባልዲ ውኃ አፈስበታለሁ። እትዬ ብረት ውኃ ሳጠጣ ሲያዩኝ አማተቡ። ጉርምርምታው ግን ቀነሰ፣ ሊጠፋ ምንም አልቀረውም። ይህንን ስጽፍላቸው ያ ማኑዋሉን አንብብ ያለኝ ሰው ሳይቀር ጎበዝ አለኝ።

ሲምባሎቹ ግን ወይ ፍንክች። ምት የሚሰማበትን መጠን ጨምር አሉኝ፣ ጨመርኩ። ቀንስ አሉኝ፣ ቀነስኩ። ሁሉንም ከፋብሪካ ሲወጣ ወደ ነበረበት መልሰው አሉኝ፣ መለስኩት፣ ያስተካከልኩትም አብሮ ተበላሸና እንደገና ሁለት ቀን ሠራሁ። ኬብል ቀይር አሉኝ፣ ቀየርኩ። ነገሩ የእልህ ሆነና ሰው ተሰበሰበበት፤ ከየአገሩ ሰው ይገምታል፣ እርስ በርስ ይጣላል። አንዱ የራሱን ሲምባል ጠረጴዛ ላይ ፈታትቶ፣ ሆዱ ውስጥ ያለውን እንዳየው ፎቶ አንስቶ ላከልኝ። ለማያውቀኝ ሰው! እኔ ጎን የሚቀመጠው የአገሬ ልጅ ኪቦርዲስቱ ግን አንዲት ኬብል ያዝልኝ ስለው ወገቡን ያመዋል። በአንድ ቀን እንዲህ ያለውንም እንዲያ ያለውንም ሰው ሳይ አንጀቴ ያርራል።

ለፋሲካ ሰባት ቀን ሲቀር ፎረሙ ፈረደ። ሲምባሎቹ ከፋብሪካ ሲወጡ ጀምሮ የተበላሹ ናቸው፣ መቀየር አለባቸው ተባለ። ከየት ነው የምቀይረው? ለእትዬ ስነግራቸው ኸዋጃው አታሎኝ ሄደ ብለው ሰውየውን እርግማን አወረዱበት፣ ምስኪን። ከዚያ ዞረው ኪቦርዲስቱን የፋሲካን ዘፈኖች አዘጋጅ አሉት። የኔን ስም አልጠሩም።

በማግስቱ ሽማግሌው፣ ሁሉም ተስፋ ከቆረጠ በኋላ፣ አንድ ነገር ለመነኝ። ፎቶ ላክልኝ፣ ሙሉ ድራሙን ማየት እፈልጋለሁ አለ። በስልኬ አነሳሁ። ለመላክ ሦስት ጠዋት ፈጀ፤ ፎቶው ዘጠና ከመቶ ላይ ሲደርስ ኔትወርኩ ይሄዳል። ሐጂ በመጨረሻ ፎቶውን አሳነሰውና አለፈ። በበነጋው ሽማግሌው፣ ፓዶቹ ላይ የሚያብለጨልጨው ምንድን ነው፣ ውኃ ፈሶበታል ወይ ይላል። ላስቲክ ነው፣ ለአቧራ ነው አልኩት፤ ምን ይጠየቃል ብዬ። የዚያን ቀን ዕድል ሆኖ ሰውየው አልተኛም ነበር፤ መልሱ ወዲያው መጣ።

«ላስቲኩን አውጣው። የሲምባሉ ጠርዝ እጅ ሲይዘው የሚያውቅ ማብሪያ ማጥፊያ አለው፤ ሰው ሲይዘው ድምፁን ይገድላል። የእናንተ ላስቲክ ቀኑን ሙሉ ሲምባሉን ጨምቆ ይዞታል።»

ከእሱ ሥር ሳቁ ወረደ። ያ ፍየል ጺም ከሁሉ ቀድሞ ሳቀ። ፊቴ ጋለ። አፍሬ ነው፣ ንዴቱ ግን ከእፍረቱ ይበልጥ ነበር። ወር ሙሉ! የኬብሉን ቀለም ጠይቀውኛል፣ የጄኔሬተሩን ዕድሜ ጠይቀውኛል፣ ድራሙ ለብሷል ወይ ብሎ የጠየቀ የለም። እነሱ አገር ዕቃ ይገዛል፣ ላስቲኩ ይቀደዳል፣ ይጣላል፤ ከነላስቲኩ የሚኖር ዕቃ አያውቁም። እኔም አልነገርኳቸውም። የእትዬን ሶፋና የእናቴን ቤት በምን አስቤ ልንገራቸው? ላስቲክ እኮ ለእኛ የዕቃው ቆዳ ነው። ወጥሬ የያዝኩትም በነዚህ እጆቼ ነው።

ቦዳ ቦዳ የሚሉት የኪራይ ሞተር ላይ ተፈናጥጬ ሆቴል ገባሁና ከወጥ ቤት ቢላዋ ይዤ ወጣሁ። እትዬ ሲያዩኝ ጮኹ፤ እኔ አልሰማኋቸውም። የመጀመሪያውን ሲምባል ላስቲክ ከጠርዙ ላይ ሸርከት አደረግኩና በስቲክ መታሁት። ተዘረጋ። ድምፁ አዳራሹን ዞሮ፣ ወጥ ቤት ደርሶ፣ ቀስ ብሎ ሄደ። ወጥ ሠሪዋ ጭልፋዋን ይዛ ወጣች። እትዬ የተቀደደውን ላስቲካቸውን ከመሬት አንስተው አጥፈው ያዙትና፣ ሲቆሽሽ እኔ እንደምጠርገው ነግረውኝ ገቡ።

ፋሲካ በአገሩ ያለ ሐበሻ ሁሉ የመጣ ይመስል ነበር። ወንበር ጠፋ። ሰው ከዚያ ከታኅሣሥ ወዲህ ታፍኖ ነው የከረመው፤ ትከሻውን ከፈታ በኋላ የሚያቆመው አልተገኘም። ደቡብ ሱዳኖቹም መጡ፣ የነጋዴው ሠፈር ሙስሊሞችም ሚሪንዳቸውን ይዘው ዳር ቆመው ያጨበጭባሉ። ስቲኬ እጄ ላይ አልከብድ አለኝ። ኪቦርዲስቱ ያን ቀን እኔን ተከትሎ ነው የተጫወተው፣ ወዶ ሳይሆን ተገዶ። በማግስቱ ለፎረሙ ሠራ ብዬ ጻፍኩ፤ ከስንት አገር እንኳን ደስ አለህ እንዳሉኝ አልቆጠርኩም። በሐጂ ሱቅ ባንኮኒ ሥር ተደብቄ አለቀስኩ። ይህንን ለሰው ስናገር ለመጀመሪያ ጊዜ ነው።

እዚህ ላይ ቢያልቅ ጥሩ ነበር። ክረምቱ ሲገባ ግን ቤዙ አንዴ ስመታው ሁለቴ መምታት ጀመረ። ሽማግሌውን ጠየቅሁት። ድራሙ በኬብል ከኮምፒውተር ጋር ይያያዛል፣ የምትመታውን ሁሉ ይመዘግባል፤ ሁለት ደቂቃ ብቻ ምታና የት ላይ እንደሚደግም እንየው አለኝ። እኔ ኮምፒውተር የለኝም። ላፕቶፕ ያለው ኪቦርዲስቱ ነው። ስጠይቀው እንቢ ይላል ብዬ ነበር፤ እሱ ግን በደስታ አመጣው። ሁለት ደቂቃ ምን ያሳያል፣ ዘፈኖቹን ሁሉ አንድ በአንድ ምታቸው፣ የትኛው ላይ እንደሚደግም በደንብ እናውቃለን አለኝ። በማር የተለወሰ ምላስ። ሦስት ቀን ሙሉ ከሰዓት በኋላ ቁጭ ብዬ፣ ያለ ዘፋኝ፣ ያለ ኪቦርድ፣ የምናውቀውን ዘፈን ሁሉ ከመግቢያው እስከ መውጫው መታሁለት። እንዲያውም አንዱ አላማረልኝም ብዬ እንደገና ልምታው አልኩት። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይሉ የለ!

ሽማግሌው ፋይሉን አይቶ የእግሩ ፓድ መዶሻ ጠብቆ መታሰር እንዳለበት ነገረኝ፤ አሰርኩት፣ ዳነ። ፋይሉን ረሳሁት። ኪቦርዲስቱ አልረሳውም።

መስቀል ባለፈ በሳምንቱ፣ ሰኞ ጠዋት፣ እትዬ ጠርተው አስቀመጡኝ። ሻይ አዘዙልኝ፤ የሻይው ነገር አላማረኝም። ዙሪያ ጥምጥም ሄደው ሄደው፣ እኔን የሚጠሉኝ እንዳይመስለኝ፣ ዘመኑ መሆኑን፣ ኪቦርዲስቱ ላፕቶፑን ከድራሙ ጋር አያይዞ ትናንት እንዳሳያቸው ነገሩኝ። ድራሙ ሰው ሳይቀመጥበት ይመታል። ስታይል ከሆነ ሰዉ አይጨፍርም ብዬ ልከራከር አፌን ስከፍት፣ ቀድመው አሉኝ፦

«ያንተው ምት ነው እኮ፣ ልጄ። ሌላ ሰው አልቀጠርኩብህም።»

ይህንን ሲሉ ከልባቸው ሊያጽናኑኝ ነው። ሌላ ሰው አምጥተው ቢተኩኝ ጣሉኝ ይባል ነበር፤ አሁን ግን የተካኝ እኔው ነኝ፣ ምን ያስቀይመኛል? ሻዩን ሳልነካው ተነሳሁ። ኪቦርዲስቱን ጓሮ አገኘሁትና አንገቱን አነቅሁት። ወጥ ሠሪዋና ዘበኛው ናቸው ያላቀቁን። ምን አጠፋሁ፣ እንዲያውም በየሳምንቱ ሥራህን ሰው ይሰማልሃል፣ ልትኮራ ይገባል ይለኛል፣ አንገቱን እያሻሸ። ጡጫ ብቻ ነው መልሱ፣ እሱንም ያዙኝ።

ለፎረሙ ጻፍኩ። ምን እንዲያደርጉልኝ እንደሆነ አላውቅም፤ ሲምባሌን ያዳኑ ሰዎች ይህንንም ያድኑልኝ ይሆናል ብዬ ነው መሰለኝ። የሕግ ጉዳይ ነው አሉ፣ ውል ነበራችሁ ወይ አሉ። አንዱ በዚያ ፋይል እንዲህ መጠቀም እንደሚቻል አላሰብኩም ነበር፣ ጥሩ ዘዴ ነው ብሎ አደነቀ። ጥሩ ዘዴ! ሽማግሌው ብቻ እኔ ነኝ መዝግብ ያልኩህ፣ ይቅርታ አድርግልኝ አለ። ለእሱ ነው ክፉ ቃል የመለስኩት። አንተ ባትረዳኝ ይሻለኝ ነበር፣ ድራሙ ተበላሽቶ ቢቀር ያለ እኔ ባልመታ አልኩት። የጠየቀኝ ሁለት ደቂቃ ነበር፣ ሦስት ቀን የመታሁት እኔ ነኝ። ከዚያ ወዲህ ገብቼ አላውቅም፤ ይቅርታም አልጠየቅሁትም። በገዛ ዳቦዬ ልብ ልቡን አጣሁት፣ ንዴቴን ደግሞ ያልበላው ሰው ላይ ተወጣሁ።

ሐጂ ሥራ ሰጠኝ። ዕቃው በነጭ ዓባይ በጀልባ ሲመጣ ወደቡ ላይ ሆኜ አስወርዳለሁ፤ ከሠራተኛው ጋር እጮሃለሁ፣ ጸሐይ ይመታኛል። እጄ ሥራ ሲፈታ ዘይት ጀሪካን ላይ ችክችካ ይመታል፤ ሳየው አስቆመዋለሁ።

በ2007 መጨረሻ ገደማ፣ አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ለሐጂ ዕቃ ላደርስ ስሄድ ቦዳው በሆቴሉ በኩል አለፈ። ውረድ ሳይለኝ ወረድኩ። በሩ ላይ ያው የድሮው ዘበኛ ነበር፤ ኢትዮጵያ ያደገ ልጅ ነው፣ አማርኛውን ከጁባ ዓረብኛ ጋር እየቀላቀለ የሚያወራ። እኔን ከኪቦርዲስቱ ያላቀቀኝ እሱ አይደለም፤ እሱ ያኔ ዘመዶቹን ፍለጋ ሄዶ ነበር፣ የተመለሰው እኔ ባለፍኩበት ሳምንት ነው። የሆነውን የነገረው የለም። ውስጥ ሰዉ ይጨፍራል፣ ወለሉ ሲንቀጠቀጥ በር ድረስ ይሰማል። ሲምባሉ ይዘረጋል፤ ምቱ የኔው ነው። ዘበኛው ሊጨብጠኝ እጁን ዘርግቶ ቆም አለ፤ በሩን አየ፣ እኔን አየ፣ እንደገና በሩን።

«ኢታ ጁዋ ወላ በራ?» አለኝ። ውስጥ ነህ ወይስ ውጭ ነህ ማለቱ ነው።

ዘፈኑ ወደ ማለቂያው ደርሷል፤ እዚያ ጋ ሦስት ጊዜ ነው መትቼ የማቆመው። በር ላይ እንደቆምኩ ውስጥ መታሁ፣ አቆምኩ። ሰዉ አጨበጨበ።